ቀስቱ በየትኛው ሶፍትዌር እንደተሠራ ለጠየቁኝ ክቡር ሥራ አስኪያጅ

ለከተማችን የሰሌዳና የአቅጣጫ ምልክቶች ጽሕፈት ቤት ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣
ባሉበት።

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰንብተዋል? ቤተሰብዎ፣ ባልደረቦችዎ፣ ያ ከጠረጴዛዎ የማይለየው ክብ ማህተምዎ ሁሉም ደህና ናቸው? ከጤናም ሁሉ ለይቼ የዓይንዎን ጤና እመኝልዎታለሁ። ይህን የምለው ለወጉ ያህል አይደለም፤ ዓይንዎን ያመመዎ ዕለት አዲሱ ሆስፒታል ገብተው የዓይን ክፍሉን ለማግኘት ጽሕፈት ቤትዎ ያሰቀለውን ሰሌዳ ማንበብ ሊኖርብዎ ስለሆነ ነው፤ ይህን ደግሞ እንኳን ለእርስዎ ለጠላቴም አልመኘውም።

ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የምጽፈው ለላኩልኝ ማስጠንቀቂያ መልስ ለመስጠት ነው። ማስጠንቀቂያው በሆስፒታሉ ዋና ኮሪደር፣ የዓይን ክፍሉን በሚያመለክተው ሰሌዳ ላይ ያለ ፈቃድ አንድ ቀይ ቀስት መጨመሩን ይገልጽና፣ ቀስቱ «በየትኛው ሶፍትዌር፣ በየትኛው ቨርዥን እንደተሠራ» በጽሑፍ እንዳሳውቅ፣ ይህ ካልሆነ ግን ቀስቱ እንደሚፋቅ፣ እኔም ከከተማው ሠዓሊዎች መዝገብ እንደምሰረዝ ያትታል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ለሥዕሌ እንዲህ የተጨነቀልኝ መሥሪያ ቤት ከዚህ በፊት አላጋጠመኝም። መልሱ ግን ባንድ መስመር የሚያልቅ ስላልሆነ በተራ ቁጥር ላቀርብልዎ አስቤያለሁ። ቁጥሩ ቢዛነፍ ይቅርታዎን እጠይቃለሁ፤ ማስጠንቀቂያዎ እጄ ከገባ ወዲህ አርፌ መቀመጥ አልቻልኩም፤ ሁለት መስመር እጽፋለሁ፣ ተነስቼ እስከ በሩ እሄዳለሁ፣ መንገዱን አይቼ እመለሳለሁ፣ ተመልሼ ስቀመጥ ወንበሩ ይቆረቁረኛል።

1ኛ፦ ስለ ሶፍትዌር ምርጫ። ጽሕፈት ቤትዎ ለአዲሱ ሆስፒታል የአቅጣጫ ሰሌዳዎች ንድፍ የሚያወጣ ሠዓሊ እንደሚፈልግ ባስታወቀ ጊዜ፣ ንድፉ «በታወቀ ሶፍትዌር» ብቻ እንዲሠራ አዝዞ ነበር። ማን ያወቀው እንደሆነ አልተገለጸም። እኔ ደግሞ በኮምፒውተር መሣልን ማንም ሳያስተምረኝ የተማርኩ ሰው ነኝ። ትምህርት ቤቴ የኢንተርኔት ቪዲዮ ነው፤ መምህሮቼ ፊታቸውን አይቼው የማላውቅ፣ ግማሽ ንግግራቸው የማይገባኝ፣ ማውሳቸው የሚሄድበትን ብቻ በዓይኔ እየተከተልኩ የቀዳሁባቸው ሰዎች ናቸው። እና «የታወቀ» የሚለውን ሳነብ ልቤ ድንግጥ አለ፤ የማውቀው ነገር ሁሉ ያልታወቀ መሰለኝ።

ለእርስዎ ማስረዳት ድፍረት ይሆንብኛል እንጂ ነገሩ እንዲህ ነው። ተራ ሥዕል በኮምፒውተር ውስጥ የጥቃቅን ነጠብጣቦች ክምችት ነው፤ ሲያሳድጉት ነጠብጣቦቹም አብረው ያድጉና ጠርዙ ይሻክራል፣ ይደበዝዛል። ቬክተር የሚባለው ሥዕል ግን መስመሩ ከየት ተነስቶ የት እንደሚታጠፍና የት እንደሚያርፍ በሒሳብ ይዞ ስለሚቀመጥ፣ ጥፍር የምታህል ቀስት ሥለው ግድግዳ ብታህል እንኳ ጠርዟ እንደ ምላጭ ስል ሆኖ ይቆያል። ሰሌዳ የሚሠራ ሰው በቬክተር ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ የሚለው ለዚህ ነው፤ ይህን ጉዳይ እባክዎ ልብ ይበሉልኝ፣ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

መጀመሪያ የሞከርኩት ባለሙያ ሁሉ የሚምልበትን፣ በየወሩ ኪራይ የሚከፈልበትን ሶፍትዌር ነበር። እውነት ለመናገር ፍቅር ያዘኝ። ብዕሩ እንዳሰብኩት ይታጠፍልኛል፤ አንዱን ቅርጽ ከሌላው ላይ ቆርጬ ሳነሳ ዳሩ አይዛነፍም። ለሙከራ የተፈቀደልኝ ጊዜ ባለቀ ማግስት ግን የገዛ ሥዕሌን አላሳይሽም አለኝ። ኪራይ የዘገየበትን ተከራይ ዕቃውን ውስጥ ቆልፎ በሩ ላይ የሚያቆም አከራይ ያጋጠመው ሰው ስሜቴ ይገባዋል። ቀጥዬ በታብሌት በጣት የሚሣልበትን፣ አንዴ ተገዝቶ የሚያልቀውን ከዘመድ ታብሌት ላይ ሞከርኩ፤ እሱ ቀልጣፋ ነው፣ ግን ፊደላችንን ገና ሲያይ ግራ ይገባውና በየፊደሉ ምትክ ባዶ ሣጥን እየደረደረ ይጠብቀኛል። ሦስተኛው በጎ ፈቃደኞች ሠርተው ለዓለም በነጻ የለቀቁት ነው። ይህኛው አሮጌ ኮምፒውተሬን እንደ ወፍጮ ያስጮኸዋል፤ ነጥብ ሲበዛበት ቀጥ ይላል፤ ሴቭ ሳላደርግ ከተዘናጋሁ የሠራሁትን ይዞ ውልቅ ይላል። ነገር ግን ፊደሉን ያውቃል፤ ፋይሉ በማንም ቤት ይከፈታል፤ ብንጣላ እንኳ ሥዕሌን አይቀማኝም።

አንዱን እጭናለሁ፣ ሌላውን አጠፋለሁ፣ ያጠፋሁትን ደግሞ መልሼ እጭናለሁ። ይህ ቅብጥብጥነቴ ከሱቄ ግድግዳ ለግድግዳ የምትዋሰነውን ባለፎቶኮፒ ጎረቤቴን አንገሽግሿታል። ደንበኞቿን ስለምታጣድፍ እትዬ ቶሎቶሎ ነው የምንላት፤ ኢንተርኔት የምጠቀመውም በእሷ ቸርነት ነው። አንድ ቀን ወረቀት እየቆጠረች አንገቷን በበሩ አስገብታ፣ «ልጄ፣ ሦስቱንም አግብተሽ ሦስቱንም ፈታሽ፤ ኧረ ባንዱ ጽኚና ሥራ ሥሪ!» ብላ ገሰጸችኝ። ጸናሁ። ነጻውን መረጥኩ። የእሷም ኮምፒውተር ላይ ጫንኩላት፤ ይህንንም ልብ ይበሉልኝ።

2ኛ፦ ስለ ምዝገባዬ። ለመመዝገብ በቀረብኩ ጊዜ የመዝገብ ቤት ሠራተኛዎ እጅግ በሚያኮራ ትሕትና የት እንደተማርኩ ጠየቀኝ። ራሴን በራሴ እንዳስተማርኩ ነገርኩት። ብዙ አሰበ፣ እስክሪብቶውን ነከሰ፣ ከዚያም «ያልተማረች» ብሎ ጻፈ። ባሳየው ጥንቃቄ ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው። እንዲስተካከልልኝ ስለምነውም መዝገቡ ራሱን ላስተማረም ላልተማረም አንድ ቦታ ብቻ እንዳለው በትዕግሥት አስረዳኝ። ከዚህ መዝገብ እሰርዝሻለሁ ብለው ሲያስፈራሩኝ ታዲያ ደንግጬ እንዳልወደቅኩ ቢነገርዎት እንዳይቀየሙኝ።

3ኛውን ለጊዜው ልዝለለው። ቀድሜ ማስተዋወቅ ያለብኝ ሰው አለ።

አባቴ በከተማው ጋሽ ብሩሽ ይባላል። አሁን ኮምፒውተሬን ያኖርኩበት ጠባብ ክፍል የእሱ ሱቅ ነበር፤ ጠረጴዛው የእሱ ነው፣ እግሮቹ ላይ የደረቀው ቀለም የእሱ ነው። ለዳቦ ቤቱ፣ ለፀጉር አስተካካዩ፣ ለአሮጌው ሆስፒታል በር ሁሉ በእጁ የጻፈ ሰው ነው። ጻድቅ ነው እያልኩ አይደለም፤ ኩሩ ነው፣ ቁጡ ነው፣ የሌላ ሰው ሰሌዳ አይቶ ሳይሳደብ ያለፈበት ቀን የለም። ኮምፒውተር ከገዛሁ ጀምሮ ለኮምፒውተሩ ያወጣለት ስም «ያ ሣጥን» ነው። ዓይኑ ግን ከዳር ወደ መሃል እየጠበበ የሚሄድ ሕመም ይዞታል፤ አሁን ዓለምን የሚያያት በቁልፍ ቀዳዳ እንደሚያጮልቅ ሰው ነው። ሐኪሙ የጠፋው እንደማይመለስ፣ የቀረውን ማትረፍ ግን እንደሚቻል፣ ለዚህም በቀጠሮው ቀን ሳያዛንፍ መገኘት እንዳለበት ቁርጡን ነግሮናል።

የሆስፒታሉን ሰሌዳ ሥራ ለማግኘት የተንቀዠቀዥኩት ለዚህ ነው፤ ነገሩን አላድበሰብስም። አባቴ ሰው እጁን ይዞ ሲመራው ሰውነቱ ይኮማተራል። ማንንም ሳይጠይቅ፣ በራሱ እግር፣ የራሱን ፊደል እያነበበ የዓይን ክፍሉ ድረስ እንዲሄድ ፈለግኩ። ፊደሎቹን ከአሮጌ ሰሌዳዎቹ ላይ ፎቶ አንስቼ አንድ በአንድ በቬክተር ገለበጥኳቸው። እሱ ከጎኔ ተቀምጦ ስክሪኑን በአፍንጫው ሊነካው እየደረሰ፣ «የ‹ዓ›ን ሆድ አስርበሽዋል» ይላል፣ «የ‹ክ› እግር እንዲህ አይሰበርም» ይላል፣ «ያ ሣጥን ምን ያውቃል!» ይላል። ቀስቱን እንኳ ሰባት መልክ ሠርቼለት ሰባቱንም ናቀ። በመጨረሻ መንገዱ ማዶ ቆመ፤ እኔ በሱቁ በር ላይ ሆኜ በወረቀት የታተሙትን ቀስቶች ተራ በተራ ከፍ አደረግኩለት። ራሱ ወፍራም፣ አንገቱ አጭር፣ ቀለሙ ቀይ የሆነውን ሲያይ ከመንገዱ ማዶ «እሱ! እሱ ይታየኛል!» ብሎ ጮኸ፤ እኔም ደስ ብሎኝ ወረቀቱን ይዤ ዘለልኩ። ክቡር ሆይ፣ ያን ቀስት ያጸደቁልኝ እርስዎ ነዎት፤ ለዚህ ከልቤ አመሰግንዎታለሁ፤ ምስጋናዬ የሚቆየው ግን እስከ ቀጣዩ ተራ ቁጥር ብቻ ነው።

4ኛ፦ ስለ ፋይሉና ስለ ማህተሙ። ንድፉን ይዤ ስቀርብ በነጻ ሶፍትዌር የተሠራ ነገር ለመንግሥት ሥራ እንደማይመጥን፣ በዚያ በታወቀው ሶፍትዌር፣ ያውም በአዲሱ ቨርዥኑ አድርጌ እንዳመጣ ታዘዝኩ። ጥርሴን ነክሼ፣ የወር ኪራይ ተበድሬ፣ ወደዚያው ቀየርኩና አስረከብኩ። በማግስቱ ሱቄ ተቀምጬ ሳለ የመዝገብ ቤት ሠራተኛዎ ፍላሽ ይዞ እትዬ ቶሎቶሎ ዘንድ ሲገባ አየሁት። ለካ ጽሕፈት ቤትዎ ያንን የታወቀ ሶፍትዌር ኖሮት አያውቅም! እትዬ ቶሎቶሎ ፋይሉን እኔ በጫንኩላት፣ ለመንግሥት በማይመጥነው ሶፍትዌር ከፈተችለት፤ በወረቀት አትማ ሰጠችው፤ አመስግኖ ሄደ። የእሷም ሳቅ በግድግዳው በኩል ተሰማኝ። እኔም የሳቅኩት እዚያ ላይ ነው፤ ከዚያ በኋላ አልሳቅኩም።

ምክንያቱም ወረቀቱ ወደ እርስዎ መጣ። ያልታተመበት ነገር ከመሥሪያ ቤት አይወጣምና፣ ሥራውን ማጽደቅዎን ለመግለጽ ያንን ክብ ማህተም መቱበት። የት ላይ? ባዶ ቦታ ሞልቶ ተርፎ ሳለ የቀስቱ ራስ ላይ። ማህተም የተመታበት ወረቀት ወደ ስካነር ገባ፤ ስካን የተደረገው ወደ ሰሌዳ ሠሪው ሄደ፤ ሰሌዳ ሠሪውም የታዘዘውን አክብሮ፣ አንዲት ነገር ሳይቀንስ ግድግዳ የሚያህል አደረገው። ስል እንዲሆን የተሠቃየሁበት ጠርዝ ሁሉ በውሃ እንደራሰ ብስኩት ፈረሰ። የአባቴ ፊደል ደብዝዞ አንዱ ካንዱ ተጣበቀ። ማህተምዎ ግን፣ ምን ላድርግዎት፣ የመኪና ጎማ አክሎ፣ ወይን ጠጅ መልኩን አሳምሮ፣ የቀስቱን ራስ ውጦ ኮሪደሩ ላይ ጉብ አለ። የቀረው የቀስቱ ዘንግ ነው፤ ዘንግ ደግሞ ሁለት ጫፍ አለው።

ይቅርታ፣ ተነስቼ በር ድረስ ሄጄ መጣሁ። እትዬ ቶሎቶሎ «ኧረ ቁጭ በይ፣ ወለሉን ጨረስሽው!» አለችኝ።

5ኛ፦ ስለ ቀጠሮው። በቀጠሮው ቀን አባቴ አልመራም አለ። አዲሱን ሸሚዙን ለበሰ፣ ፊደሌን አይቼ እደርሳለሁ አለ፣ እኔም ደስታውን ላለማበላሸት ካርዱን ላወጣለት ወደ መስኮቱ ሄድኩ፤ ሰሌዳው እንዴት ሆኖ እንደተሰቀለ ገና አላየሁም ነበር። ካርዱን ይዤ የዓይን ክፍል ስደርስ አባቴ የለም። ፎቁን ሁሉ ዞርኩ፤ ደረጃ ወጣሁ፣ ወረድኩ፣ ስሙን እየጠራሁ ሮጥኩ። ያገኘሁት በማዋለጃ ክፍል በር፣ ነፍሰ ጡሮች መሃል ተራውን ይዞ፣ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ ነው። የዘንጉን ጫፍ ተከትሎ ሄዶ ነበር፤ የመረጠው ግን የተሳሳተውን ጫፍ ነበር። አንዲት ነርስ «አባባ፣ የልጅ ልጅ እየጠበቁ ነው?» ብላ በደግነት ጠይቃው ኖሯል። አፍሮ ባርኔጣውን ማገላበጥ ያዘ። ወደ ዓይን ክፍሉ ስንደርስ ስሙ ተጠርቶ አልፏል። ሌላ ቀጠሮ ተሰጠን፤ ሩቅ ቀጠሮ።

በዚያ መሃል የግራ ዓይኑ ብርሃንና ጨለማ ከመለየት በቀር ሌላ የማያሳይ ሆነ። ፍትሕ ልናገር፤ ሐኪሙ ያለፈው ቀጠሮ ባያልፍም የግራው መትረፉ ያጠራጥር ነበር ብሎኛል፣ ስለዚህ በሰሌዳዎ አላሳብብም። ግን አንጀቴ እርር ብሏል። ይህን በጨዋ አማርኛ እንዴት አድርገው እንደሚጽፉት አላውቅምና እንዲሁ ጻፍኩልዎ።

3ኛ፦ የዘለልኩት ይህን ነው። ቀጠሮው ባለፈን ማግስት ቢሮዎ ድረስ መጥቼ፣ እባክዎ የቀስቱን ራስ ብቻ ይመልሱልኝ፣ ፋይሉ እጄ ላይ አለ፣ እንደገና ቢታተም ይበቃል ብዬ ተማጸንኩ። እርስዎም ቆመው በተቀበሉኝ አክብሮት አሁንም እኮራለሁ። መልስዎ ግን፣ ማህተም ያረፈበት ሰነድ እንደማይፋቅና እንደማይደለዝ፣ ሰሌዳውም ማህተም ስላረፈበት ሰነድ መሆኑን፣ በሰነድ ላይ የሚደረግ ማናቸውም ለውጥ በወንጀል እንደሚያስጠይቅ ነበር። «ሰው መንገድ ቢጠፋው ይጠይቅ፣ አፍ ለምን ተፈጠረ?» ብለውም አጽናኑኝ። አፍ ለምን እንደተፈጠረ እኔም ለረጅም ጊዜ አስቤበታለሁ፤ ይህ ደብዳቤ የሐሳቤ ውጤት ነው።

እነሆ ወደ ጥያቄዎ ደረስኩ።

ያን ዕለት ከቢሮዎ ወጥቼ ቤት ስገባ አባቴ ምን እንዳሉኝ ጠየቀኝ። ነገርኩት። ከዚያ ተነሳና ከጠረጴዛው ሥር፣ እኔ ወደ ጓዳ ገፍቼ የረሳኋቸውን ጣሳዎች መነካካት ጀመረ። ቀዩን ቀለም አሽትቶ ለየው። ብሩሹን በናፍጣ አለሰለሰው። እኔ ደግሞ ያው የማይቀመጥ ሰው ነኝና፣ ቆይ በሥርዓቱ ይሁን፣ በስቲከር አሳትመን ብንለጥፈው ይሻላል፣ የትኛው ሶፍትዌር ለስቲከር እንደሚመች ልይ እያልኩ ኮምፒውተሩን አስነሳሁ። ኮምፒውተሩ እስኪነሳ እሱ ጫማውን አድርጎ በሩ ላይ ቆሞ ይጠብቀኝ ነበር። «መሰላል የምትይዢልኝ አንቺ ነሽ ወይስ ሌላ ሰው ልፈልግ?» አለኝ።

በምሳ ሰዓት ኮሪደሩ ጭር ሲል ገባን። መሰላሉን ያዝኩለት። ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ እያልኩ ልመራው ስጀምር «ዝም በይ፣ እጄን አታደናግሪው» አለኝ። ለእሱ ባንዴ የሚታየው የሰሌዳው ክፍል ከአንድ ሳህን አይበልጥም ነበር፤ ስለዚህ ሳህን በሳህን ሠራው። በአውራ ጣቱ ይለካል፣ አንድ ስንዝር ይቀባል፣ ፊቱን ጠጋ አድርጎ ያያል፣ ይቀጥላል። ያ መንገዱ ማዶ ቆሞ የመረጠው ቀስት በማህተምዎ ላይ ተኛ፤ ወፍራም ራሱ፣ አጭር አንገቱ። ከጫፉ አንዲት ጠብታ ቁልቁል ወረደች። ልጠርጋት እጄን ስዘረጋ መታኝና «ተያት፣ በእጅ እንደተሠራ ይታወቅ» አለ። እኔ እግሬን ማሳረፍ የማልችል ሴት፣ መሰላሉን ይዤ የቆምኩበት ያ ጊዜ ሰውነቴ ሳይንቀሳቀስ የቆየበት ብቸኛ ጊዜ ሳይሆን አይቀርም።

በአዲሱ ቀጠሮ ከበሩ ጀምሮ ብቻውን ሄደ። እኔ ራቅ ብዬ ተከተልኩት፤ እንዳያውቅብኝ ጫማዬን እንኳ አውልቄ ይዤ ነበር። ሰሌዳው ሥር ሲደርስ ቆመ፣ አንጋጠጠ፣ ቆየ። «ትንሽ ዘሟል» ብሎ ለራሱ አጉረመረመና ቀስቱ ወዳመለከተው ታጠፈ። የቀኝ ዓይኑ ሕክምና በዚያን ቀን ተደረገለት። የቀረችው ያች የቁልፍ ቀዳዳ እስካሁን አልተዘጋችም፤ ለክትትል ደግሞ ገና ብዙ ጊዜ ይመላለሳል።

ስለዚህ በማስጠንቀቂያው ላይ ለጠየቁኝ ዝርዝር መልሴ እንደሚከተለው ነው። ቀስቱ የተሠራበት ሶፍትዌር፦ የለም። ቨርዥን፦ አባቴ። የአገልግሎት ጊዜው የሚያበቃው፦ እግዜር ያውቃል። ፋይሉ የሚከፈተው በምንድን ነው ለሚለው፦ በዓይን፤ በታመመ ዓይንም ይከፈታል።

ክቡር ሆይ፣ እስካሁን ስቀልድ ቆየሁ፣ አንዲት ነገር ግን ያለ ቀልድ ልለምንዎ። እኔን ከመዝገብ ይሰርዙኝ፤ ያልተማረች ብትሰረዝ መዝገቡ አይጎድልበትም። ሶፍትዌሬንም ያልታወቀ ይበሉት። ቀስቱን ግን አይፋቁት። የዓይን ክፍሉ ታካሚ በሚቀበልባቸው ቀናት፣ ሰኞና ሐሙስ፣ በዚያ ኮሪደር ቢያልፉ አንድ እጃቸውን ግድግዳው ላይ አድርገው የሚሄዱ ብዙ ሰዎች ያያሉ፤ ሰሌዳው ሥር ሲደርሱ ያንጋጥጣሉ፣ ከዚያ እጃቸውን ከግድግዳው ያነሳሉ። ከእነሱ አንዱ አባቴ ነው፤ በሚቀጥለው ቀጠሮም ብቻዬን እሄዳለሁ ብሏል።

ጤናዎ፣ ዕድሜዎና ማህተምዎ እንደተጠበቁልዎ እንዲኖሩ እየተመኘሁ፣ ለሰጡኝ ትምህርት ሁሉ፣ በተለይም የትኛውን ሶፍትዌር ብመርጥ መጨረሻው ስካነር እንደሆነ ስላስተማሩኝ፣ ከመቀመጫዬ ተነስቼ፣ መቼም ስነሳ ነው የዋልኩት፣ ዝቅ ብዬ እጅ እነሳለሁ።

አክባሪዎ፣
የጋሽ ብሩሽ ልጅ፣
ራሷን ያስተማረች ሠዓሊ
(በእርስዎ መዝገብ፦ ያልተማረች)

ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ እትዬ ቶሎቶሎ በዚያ በማይመጥነው ሶፍትዌር ከፍታ ስላተመችልኝ ፊደሉ ጥርት ብሎ ይነበባል። መዝገብ ቤትዎ ሲቀበለው ማህተም መምታት ግዴታው እንደሆነ አውቃለሁ፤ እባክዎ በጀርባው ይምቱበት፤ ሆን ብዬ ባዶውን ትቼልዎታለሁ። ፊቱን ግን ሰው ሊያነበው ይፈልጋል።